የመስኮት ሰዎች ያጨበጨቡለት መጽሐፍ

ዴቨንፖርት፣ ኤፕሪል 28

ለታላቅ እህቴ፣

የወንድማችን አዲሱ መጽሐፍ ቅዳሜ ዕለት የክበባችንን የዓመቱን ሽልማት አሸንፏል።

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ቀለል አለልሽ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ነፋሱ የጓሮውን አጥር ጥሎብኝ ነበር፣ ጎረቤቴ መልሶ አቆመልኝ። ወንድማችን ሌስተርም አካሉ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ጠዋት ወንዙ ዳር ይሄዳል። «አካሉ» ያልኩት አስቤበት ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተቀመጥኩት ስለ ቀረው ነው።

አንቺ ባሕሩን ወደ ጂሎንግ ከተሻገርሽ ወዲህ የሳይንስ ልቦለድ ክበባችን ብዙም አልተለወጠም። አሁንም ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ እንሰበሰባለን። አሁንም ሁሉም የሚበላ ነገር በሳህን ይዞ ይመጣል፣ ደራሲውም የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ራሱ ያነባል። ቀላል አጻጻፍ የሚወዱት መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፣ ያጌጠ የሚወዱት እንጨት ምድጃው ዙሪያ። የወደደው ወገን ያጨበጭባል፣ ያልወደደው ዝም ይላል። ክርክሩም ያው አንቺ የምታውቂው ነው። ወደ ጂሎንግ በሚያመላልሰው መርከብ ላይ መካኒክ የነበረው ዳርሲ ዛሬም የመስኮቱ አለቃ ነው። «ሰማዩ ላይ ሁለት ጨረቃ ካለ ዓረፍተ ነገሩ አርፎ ይቁምልኝ። ሁለቱም ከተወዛወዙብኝ ምኑን አየዋለሁ?» ይላል። ኖሊን ደግሞ ከምድጃው በኩል «ሌላ ኮከብ ድረስ ወስደኸኝ በመብራት ሒሳብ ቋንቋ የምታናግረኝ ከሆነ ቤቴ ብቀመጥ ይሻለኛል» ትለዋለች።

እኔ ዕድሜዬን ጋዜጣ ላይ አርታኢ ሆኜ የሰው ጽሑፍ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቦታዬ መስኮቱ ሥር ነው። ሌስተር ግን ከጀመረበት ቀን አንሥቶ የምድጃው ንጉሥ ነበር። «አንቺ መቀስ፣ ዓለም ብትጠፋ አራተኛው ገጽ ግርጌ በሁለት መስመር ታወጫታለሽ» ይለኝ ነበር። እኔም «ሁለት መስመር ከበቃት ምን አጠፋሁ?» እለዋለሁ። የድሮ መጽሐፎቹን ታስታውሻለሽ። አንዲት መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ስታርፍ «አቧራው እንደ ተፈጨ ዕንቁ፣ እንደ ደረቀ እንባ፣ ከሺህ ዓመት እንቅልፉ ተቀስቅሶ ጎኗን ላሰው» ብሎ ይጽፍ ነበር። የእያንዳንዷ ቧንቧ፣ የእያንዳንዷ ብሎን ስም ነበራት፤ ስም የሌላትን እሱ ያወጣላት ነበር። ምድጃው ሲያጨበጭብ መስኮቱ ዝም እንዳለ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ዝምታው እንደሚያመው አውቅ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ የሚያወራው ስላጨበጨቡለት ሳይሆን ዝም ስላሉት ሰዎች ነበር።

አዲሱ መጽሐፍ ጨረቃ ላይ ባለ ማዕድን ማውጫ ብቻውን ስለ ቀረ ሽማግሌ ነው። እንዲህ ይጀምራል፦ «በሩ ተከፈተ። ሰውየው ወጣ። ውጭው ይበርዳል። ነገርየውን በእጁ ያዘ። ብርሃን ነበር።»

በአንድ እሑድ ጨረስኩት። ወደድኩት፣ እህቴ። ይህን ሳልነግርሽ ሌላውን ልነግርሽ አልችልም። በጣም ነው የወደድኩት። በመጨረሻ ሰማኝ ብዬ አሰብኩ። እያሰመርኩ ነው ያነበብኩት። ሽማግሌው መሣሪያዎቹ የተሰቀሉበት ግድግዳ ፊት የሚቆምበት ቦታ አለ፦ «ሁሉም ተሰቅለዋል። የማናቸውንም ስም አያውቅም። ቆንጆ ናቸው።» ከጎኑ «በመጨረሻ» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩበት። ወዲያው ደውዬ ነገርኩት። «አንቺ ካልሽማ» አለኝ። በድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ ብትሰሚው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሌስተር ተነሥቶ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ። ድምፁ ጥሩ ነበር። ሲጨርስ ገጹን ገለጠ፣ መልሶ ከደነው፣ ከዚያም «በሩ ተከፈተ። ሰውየው ወጣ» ብሎ ያንኑ ገጽ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቦታ እያረፈ። ሲጨርስ መጽሐፉን ዘግቶ ተቀመጠ። መስኮቱ በሙሉ አጨበጨበለት። ዳርሲ ብድግ ብሎ ነው ያጨበጨበው።

«ሁለተኛ ሲያነበው ሌላ ሆኖ ተሰማኝ» አለ ዳርሲ። «ያ ሽማግሌ እዚያ ጨረቃ ላይ ያንኑ ቀን ስንት ጊዜ እንደሚኖረው ገባኝ። ይህን ለማድረግ ድፍረት ይጠይቃል።» አንዱ ከኋላ «ሌስተር፣ አስበህበት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሌስተር መጀመሪያ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «እናንተ እንዳያችሁት ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ። ድምፅ ሲሰጥ ማንም አልቀረበውም።

ምድጃው ግን ዝም አለ። ዳርሲ ድሉ ሞቅ አድርጎት «ኖሊንዬ፣ ዛሬ እንኳ ወደ እኛ ነይ፣ የመስኮቱ ብርድ አይገድልሽም» ብሎ ነካካት። እሷ አልሳቀችም። «እኔ ቀላል አጻጻፍ ጠልቼ አላውቅም፣ ዳርሲ» አለችው። «ቀላል ማለት ቃሉ ጓዳህ ውስጥ እያለ ስትተወው ነው። ይሄ ሰው ጓዳ ገብቶ ባዶ ሆኖበት የወጣ ነው።» ሰዎች ቅናት መሰላቸው። ከወንበሮቹ መካከል አንድ ሰው «ንጉሧን ቀምተናት ነው» ሲል ሰማሁ። እኔም እንደዚያው አሰብኩ።

በኋላ ሻይ ስቀዳ አጠገቤ መጣች። ባሏን ስንት ዓመት እንዳስታመመችው ታውቂያለሽ፣ በመጨረሻ የገዛ ልጆቹን አያውቅም ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድምሽ መኪና ይነዳል?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«ወዴት ወዴት?»

ወደ ገበያ፣ ወደ እኔ ቤት፣ አንዳንዴም ወደ ባሕሩ ዳር አልኳት። የሳህኗን ክዳን ገጥማ፣ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

በማግስቱ ቤቱ ሄድኩ። ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ አበባዎቹም ውኃ ጠጥተዋል። ሻይ ላፈላልሽ ብሎ ተነሣና መሐል ላይ ቆመ። «ያንን ነገር አቀብይኝ» አለኝ። የቱን? አልኩት። «የሚሞቀውን» አለኝና፣ ሲናደድ እንደሚያደርገው በጣቱ ግንባሩን መታ መታ አደረገ። ማንቆርቆሪያው ፊቱ ነበር። አነሣሁና ሰጠሁት። ሻዩን እየጠጣን፣ ገጹን ሁለት ጊዜ ማንበቡ ጥሩ ሐሳብ እንደ ነበር ነገርኩት።

«ሁለት ጊዜ?» አለኝ።

ከዚያ ቶሎ ብሎ ሳቀና «አንቺ መቀስ፣ ሁሉን ነገር ትቆጥሪያለሽ» አለ።

እናታችንን በታመመችባቸው በእነዚያ ዓመታት የጠበቅሻት አንቺ ነሽ። እኔ በሥራ አሳብቤ እሑድ እሑድ ብቻ ነበር የምመጣው። ሐኪም ዘንድ ከመሄዷ በፊት ካውያውን ምን ብላ ትጠራው እንደ ነበር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሻለሽ። ቤት ገብቼ መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩት። ያሰመርኩባቸው ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ አሉ። «ነገርየው»፣ «ያ ነገር»፣ «የሚያበራው»። አንድም ቃል አልተለወጠም። ማንበብ ግን አልቻልኩም።

የሜልቦርኗ አሳታሚ ደውላለታለች። ሁለት ተጨማሪ መጽሐፍ በዚሁ ድምፅ እንዲጽፍላት ትፈልጋለች፣ በዚሁ እንጂ በድሮው አይደለም። ሐሙስ ሜይ 15 በመርከቡ ተሻግራ ልታስፈርመው ትመጣለች። ይህን ሲነግረኝ ያለቀለት አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ ለዚያ ቀን ገዝቶት እየለካው። ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ግማሽ አዳራሽ ገና አሁን ነው ያጨበጨበለት። ብነግረው ያንን ጭብጨባ ከእጁ እቀማዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያንን ቅዳሜ በምን ዓይን እንደሚያየው አስቢው። ባልነግረው ደግሞ ሊጽፋቸው ለማይችላቸው መጻሕፍት ይፈርማል፣ ጠዋት ተነሥቶም መኪናውን ይነዳል። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ እሺ ብሏል። ለጆሮህ ምርመራ ነው አልኩት። «ሰው ሲያመሰግነኝ ደህና አድርጌ እሰማለሁ፣ ለሌላው ከሆነ እሺ» አለኝ። ጋዜጣ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ውሸት የጻፈ ሰው ጽሑፉን እመልስበት ነበር።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ስደውል ግን «እሺ» ትይኛለሽ፣ «ይሁን» ትይኛለሽ፣ ከዚያ ዝም ትያለሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስምሽን እጠራለሁ። እጅሽን ስለሚያምሽ መጻፍ እንደሚከብድሽ ነግረሽኛል፣ አምኜሻለሁ። ባለፈው ዓመት ስለ ጽጌረዳዎችሽ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈሽልኝ ነበር፣ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራሽ፣ የትኛዋ ብርድ እንደምትፈራ፣ የትኛዋ ተንኮለኛ እንደ ሆነች። የፋሲካው ካርድሽ ላይ «አበቦቹ ደህና ናቸው» ይላል። ቀላልና ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ለልጅሽ አሳያት። ብቻሽን አታንብቢው፣ መልሱንም ብቻሽን አትወስኚ። የመርከቡን ትኬት ከደብዳቤው ጋር አያይዤልሻለሁ፣ ለሁለታችሁም ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ ብርድ ልብሱንም ጨምሬበታለሁ።

ቤትሽ በሰላም ይዋል። እናታችንን ያጠባት፣ ያበጠራት፣ ያጎረሳት እጅሽ የሚይዘው አይጣ። ፈጣሪ ሦስታችንንም በአንድ ማዕድ ያስቀምጠን፣ ስም ለስም እየተጠራራን።

የምትወድሽ
ታናሽ እህትሽ

ይህን ልረሳው ነበር። ሌስተር የሚሄድባት ሐኪም ማክሰኞ ሜይ 13 ጠዋቱን በሙሉ ለቤተሰባችን ትታልናለች። ሦስት ሰዓት ላይ እኔ እገባለሁ፣ አራት ሰዓት ላይ ሌስተር። አምስት ሰዓት ላይ ያንቺን ስም አስመዝግቤያለሁ። ጸሐፊዋ እስከ ዓርብ ሜይ 9 እይዝላችኋለሁ ብላኛለች።