ጉንጭሽ ላይ ያለው

ነቀምቴ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለሸዋጌጥ
አርጆ፣ እህትሽ ቤት

ሸዋዬ፣ ስልክሽ ለሰው ሁሉ ሲጠራ ለእኔ ብቻ ዝግ ስለሆነብኝ በወረቀት መጣሁ። አንቺም ጉልበትሽም የእህትሽም ልጆች ደህና ናችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የከብት ክሊኒኩም ደህና ነው፤ ባለፈው አንዲት በቅሎ ረገጠችኝና ባለቤቷ እግሯን አመማት ወይ ብሎ ሲጨነቅ ዋለ።

በልብ ወለዴ ምክንያት ከቤት መውጣትሽን ለማንም አልተናገርኩም። ለጠየቀኝ ሁሉ «እህቷን ልትጠይቅ ሄዳለች» እላለሁ። ግን ያ ጠዋት ከሐሳቤ አይወጣም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በኩራት ሳነብልሽ፣ «ዓይኗ የሚዳቋ፣ አንገቷ የብርሌ፣ አረማመዷ የሰጎን» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆምሽኝ።

«ይህቺ ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ? ጫንያለው፣ ዕድሜህን ሙሉ እንስሳ ስታክም ኖረህ እኔንም ከዚያው ደባለቅኸኝ? እስቲ ዓይንህን ጨፍን። ጉንጬ ላይ ምን አለ?»

ጨፈንኩ። ብዙ አሰብኩ። «ውበት» አልኩሽ።

ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ ያወረድሽው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርሽ። እሁድ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ የሚሰበሰበውን የጸሐፊዎች ክበብ ታውቂዋለሽ። አሁን የምትመራን ትሕትና የምትባል፣ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የአማርኛ መምህርት ናት። ዕድሜዋ ገና ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ስታነሳ ግን ሽማግሌው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ያንኑ ምዕራፍ አነበብኩላቸው። አጀማመሬ «በሐምሌ ንጋት ፀሐይ ወርቃማ ጨረሯን በነቀምቴ ኮረብቶች ላይ ስታፈስ» የሚል ነበር።

«ጋሽ ጫንያለው» አለችኝ፣ «በሐምሌ ይህን ፀሐይ ነቀምቴ ውስጥ የት አገኙት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ በዚያው ሰዓት እንኳ ዣንጥላዬ እግሬ ሥር ውኃ ያንጠባጥባል።

ሳቁ ሲበርድ ቀስ ብላ፣ «ፀሐይዋን ከሰው ነው የተዋሷት፤ ሴትዮዋንም ጭምር» አለችኝ። «በደንብ የሚያውቁትን አንድ ሰው ይጻፉልኝ። ከምንም ጋር አያመሳስሉት። ቆንጆ ናት ብለው አይንገሩኝ፤ የምታደርገውን ያሳዩኝና ቁንጅናውን እኔ ራሴ ላግኘው።»

ቤት ገብቼ አንቺን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ጉንጭሽ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የሠርጋችንን ፎቶ አወረድኩ፤ ፎቶ አንሺው አሳምሮሽ ጉንጭሽን ግድግዳ አስመስሎታል። ቢቸግረኝ ሲነጋ አጥር ተሻግሬ ጎረቤታችንን ሊሊሴን ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

«ሊሊሴ፣ የሸዋዬ ጉንጭ ላይ ያለው ምንድን ነው? በየትኛውስ በኩል ነው?»

ልብሱ ከእጇ ወደቀ። «ያ ዋቃዮ! ኦቦ ጫንያለው፣ ሸዋጌጥ ጠፋች እንዴ? መልኳን የሚጠይቁኝ ሊያስነግሩ ነው?»

«ኧረ አልጠፋችም! ለገለጻ ፈልጌው ነው!»

«ገለጻውን ፖሊስ ነው የጠየቀዎት?»

ሻይ ጥጄ ሳይፈላ የእድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ገላና ከሊሊሴ ሰምተው ደጄ ቆሙ። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ሊመጡ ሲሉ በግድ አስቀርተዋቸው ነው። ልናገር አፌን ብከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ፤ ወረቀት አወጡ።

«ረጋ በል፣ ወንድሜ። መጨረሻ ያየሃት የት ነው?»

«መናኸሪያ» አልኩ።

አዎ፣ ሸዋዬ። ሥራ የገባሁ መስሎሽ ነበር። ተከትዬሽ ነበር፤ ከሙዝ ሻጮቹ ጀርባ ቆሜ ነበር።

«ምን ለብሳ ነበር?»

«አረንጓዴ ሹራብ። የታችኛው ቁልፉ ከእኔ ጋዋን የተነቀለ ነጭ ነው። ረዳቱ ሻንጣዋን ጣራ ላይ ልጫን ቢላት እንቢ ብላ እግሯ ሥር አደረገችው። መስኮት ዳር ተቀምጣ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ስትገባ ለቀቀችላትና የኋላ ወንበር ሄደች። በመስኮቱ ሙዝ ገዛች። አንዱን ላጠችና ቆርሳ ግማሹን ወደ ጎን ዘረጋች፣ ሁልጊዜ እኔ በምቀመጥበት በኩል። ማንም አልነበረም። እጇን መለሰች። ከዚያ በመዳፏ ጉንጯን ጠረገች፤ የግራውን፣ ከዓይኗ ዝቅ ብሎ ያቺ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ያለችበትን።»

ኦቦ ገላና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ጫንያለው፣ ይህቺ ሴት አልጠፋችም።»

«አልጠፋችም።»

«ታዲያ ምን እየጻፍን ነው?»

«ልብ ወለድ» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ያሉኝን እዚህ አልደግመውም። ግማሹ በኦሮምኛ ነበር፤ በአማርኛ ያሉት ይብሳል። ሻዩን ግን ጠጥተው ነው የሄዱት።

ለእሳቸው የነገርኳቸውን አንድም ቃል ሳልጨምር ጻፍኩትና ትናንት ክበቡ ላይ አነበብኩት። የሳቀ ሰው አልነበረም። ትሕትና ቀዩን እስክሪብቶ ከደነችው። ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴትዮ፣ «ታዲያ ተመለሰች?» ብላ ጠየቀች።

«ደራሲው ገና አያውቅም» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሸዋዬ፣ አርጆ ሲመሽ ይበርዳልና ጋቢ ደርቢ። ለእህትሽና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የማርያም ልጅ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ መንገዱንም ሰላም ያድርገው።

ይህን የሚያደርስልሽ ቀጀላ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሐሙስ ወደ ነቀምቴ ሲመለስ የጋቢናውን ወንበር ለማንም አልሰጥም ብሎኛል። ነገሩን ለመረጃ ያህል ነው የጻፍኩልሽ።

ባለቤትሽ
ጫንያለው