የአንኮበርን ሁለት የስልክ መስመሮች ያጣመሩት የአቶ ወልደአረጋይ ገብረአብ የሕይወት ታሪክ (1932–1982 ዓ.ም.)

አቶ ወልደአረጋይ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረአብ ወልደተንሣኤና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ማርያም በ1932 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። በአባታቸው እጅ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊ ትምህርት በደብረ ብርሃን ተከታተሉ። በ1953 ዓ.ም. በስልክ ቴክኒሻንነት ሠልጥነው እዚያው ደብረ ብርሃን ተመደቡ። በ1958 ዓ.ም. ወይዘሮ ወለተሐናን በተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ደንብ አክባሪ ነበሩ። ባልደረቦቻቸው ያለ ማኅተም ችንካር አይመቱም እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሚሄዱት የስልክ መስመሮች ሁለት ሲሆኑ፣ አንዱ ለሕዝብ፣ ሌላው ለመንግሥት ሥራ ብቻ ነበር። የመንግሥቱ አብዛኛውን ቀን ዝም ብሎ ይውላል። አቶ ወልደአረጋይ በየካቲት 1972 ዓ.ም. ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበትን፣ አንዱ ሲበጠስ ጥሪው በሌላው የሚያልፍበትን መንገድ አዘጋጁ። በሁለቱም ከተሞች መሣሪያውን አሰናድተው ሁለት ሽቦ መበየድ ብቻ ቀረ። ፈቃድ ጠየቁ፤ መልስ አልመጣም። የእህታቸው የወይዘሮ አልታየች ባል፣ የአንኮበሩ መምህር ገብረ ጻድቅ፣ ምን እንደሚጠብቁ ቢጠይቃቸው «ደብዳቤው ይምጣ እንጂ ሥራውስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አሉት። ዓመት ከመንፈቅ ጠበቁ።

ነሐሴ 12 ቀን 1973 ዓ.ም. ወይዘሮ አልታየች ምጥ ጠናባቸው። ገብረ ጻድቅ ከደብረ ብርሃን መኪና ለማስላክ ስልክ ቤት ቢሮጥ የሕዝቡ መስመር ተበጥሷል። በመንግሥቱ ለመደወል የሚፈቅድለት ሰው አጣ። አቶ ወልደአረጋይ ይህን ሳያውቁ የተበጠሰውን ሽቦ ፍለጋ ከጠዋት ጀምሮ በጭጋግ ውስጥ ከምሰሶ ምሰሶ ሲሄዱ ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አግኝተው ቀጠሉት። ለመሞከር የያዙትን ስልክ ከሽቦው አገናኝተው ጆሯቸው ላይ ቢያደርጉ መጀመሪያ የሰሙት መርዶ ሊያስነግር አንኮበር ስልክ ቤት የቆመውን የገብረ ጻድቅን ልቅሶ ነበር። እህታቸውና ሕፃኑ ካረፉ ሁለት ሰዓት አልፏል።

በማግስቱ ማንንም ሳይጠይቁ ሁለቱን መስመሮች አገናኙ። በዚህም ተገሥጸው ወደ እነዋሪ ተዛወሩ፤ ያገናኙት ግን ሳይፈታ እስከ ዛሬ ያገለግላል። በየዓመቱ በእህታቸው ሙት ዓመት አንኮበር ይመጡ ነበር። ገብረ ጻድቅ ሰላምታቸውን ሳይመልስ ያልፋቸው ነበር። አንድም ቀን አልተቆጡም።

በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ባለፈው ወር ገብረ ጻድቅን አስጠሩት። ፈተና ላርም ብሎ ዘገየ። የካቲት 3 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ይህን ጽፎ በፊታችሁ የሚያነበው ያው ገብረ ጻድቅ ነው። ስምንት ዓመት ከመንፈቅ የተቀየማቸው እሱ፣ የደረሰው ከገነዟቸው በኋላ ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእህታቸው ጎን በሰላም ያሳርፍ። እሱ ይቅር ብሏቸዋል። ይህን ግን አልሰሙትም።