በዘጠነኛው ቀን ዝም የሚለው መሣሪያ

ሰኞ

ክትባቱ በሙሉ ተበላሽቷል። አለቃዬ ጋሽ ይመር ወርክሾፑ በር ላይ ጠብቀው ነው የነገሩኝ፣ ገና ቁልፉን ከቦርሳዬ ሳላወጣ። ባለፈው ወር መሣሪያችንን የገጠምንባት፣ አበርገሌ ቆላ ያለችው ጤና ኬላ ናት። የማቀዝቀዣው ሽቦ ላልቶ አራት ቀን ሙሉ ሞቆ ከርሟል። የኛ መሣሪያ ሥራው አንድ ነው፤ በየደቂቃው ሙቀት ይለካል፣ ሙቀቱ ከፍ ሲል ስልክ ላይ መልእክት ይልካል። አንድም አልላከም።

"ለተብርሃን ናት ያጠፋችው" አሉኝ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ናት። የቀበሌው ሰው ስልኩን የሚሞላው እዚያ ሶላር ላይ ስለሆነ፣ ለስልክ ስትል መሣሪያውን ነቅላዋለች ብሎ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ደምድሟል። ዓርብ እዚሁ ሰቆጣ ለዲሲፕሊን ትቀርባለች። ልትባረር ትችላለች።

አመንኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ሳላቅማማ ነው ያመንኩት። እናቶች ልጅ አዝለው ግማሽ ቀን ተጉዘው መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል፣ ለስልክ ባትሪ ተብሎ። አንገሸገሸኝ። ቀኑን ሙሉ በሆዴ ስሰድባት ዋልኩ።

ብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ምልክት መጥቆሩን ራሷ አይታ አንድም ልጅ አልወጋችም አሉ። ይህን ስሰማ እንኳ ደግ አደረገች አላልኩም።

ማክሰኞ

መሣሪያው በሚኒባስ መጣ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ከፈትኩት። ቀይ አቧራ፣ ሦስት የሞቱ በረሮዎች፣ የሸረሪት ድር። በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩት።

ከዚያ ውስጡ የተቀመጠውን፣ ኃይል ቢቋረጥም የማይጠፋውን መዝገብ አወጣሁ። ኃይል ስንት ጊዜ ተቋረጠ? ዜሮ። ከተገጠመባት ሰዓት ጀምሮ አንዲት ሰከንድ አልተነቀለም። የመጨረሻው ልኬት በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ከሥሩ አንድ መስመር፦ ሜሞሪ ሞልቷል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሴትዮዋ አልነካችውም። ራሱ ነው የሞተው። እኛ ደግሞ ዝም ካለ ደህና ነው ብለን ስለሠራነው፣ ከሞተ በኋላም ደህና መስሎ ተቀምጧል።

ግን ይኸው መሣሪያ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወር ሠርቷል። ራስ ምታት እንኳ አልያዘውም። ለምን እዚህ ደህና ሆኖ እዚያ ይሞታል? አራት ሰዓት ላይ መልሱ መጣልኝ፤ መብራት ጠፋ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሁሉ ድርግም አለ። ሲመለስ መሣሪያው እንደ አዲስ ተነሣ፣ ሜሞሪው ባዶ፣ ንጹሕ።

ሰቆጣ ውስጥ መብራት ዘጠኝ ቀን ሳይጠፋ ከርሞ ያውቃል? አያውቅም። ሦስት ወር ሙሉ በሽታውን ሲያክምልኝ የነበረው መብራት መጥፋቱ ነው። ጤና ኬላዋ ግን ባትሪ ያለው ሶላር አላት። ሶላር አይጠፋም። እኔ የፈተንኩት መሣሪያ ሳይሆን የከተማውን መብራት ነበር።

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ራሴን ጠላሁት።

ረቡዕ

ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አገኘሁት። የኔ እጅ ነው፣ የማንም አይደለም።

ነገ እንዳልሸሸው በግልጽ ልጻፈው። እያንዳንዱ ልኬት ሜሞሪ ላይ ትንሽ ቦታ ይይዛል። ኮዱን በምንጽፍበት ቋንቋ፣ ራስት በሚባለው፣ የዚያ ቦታ ባለቤት ቦክስ ይባላል። ቦክስ ሥራው ሲያልቅ ማንም ሳያዘው ቦታውን አጽድቶ ይሄዳል። እኔ ልኬቶቹን በሰልፍ ለማያያዝ ቦክሱን ወደ ኖንነል ቀየርኩት። ኖንነል አድራሻ ብቻ ነው። ባዶ አድራሻ አይደለሁም ብሎ ይምላል፣ ከዚያ ወዲያ ኃላፊነት የለበትም። አያጸዳም። ልኬቱ ተልኮ ሲያበቃ አድራሻውን መልሶ ቦክስ ማድረግ የኔ ፈንታ ነበር። አንድ መስመር። ያቺ መስመር የለችም።

ስለዚህ በየደቂቃው አንድ ቦታ ይያዛል፣ አይለቀቅም፤ ዘጠኝ ቀን ሲሞላው መሣሪያው ትንፋሹ ይቆማል።

የቀፈፈኝ ግን ከጎኑ የጻፍኩት ማስታወሻ ነው፦ "ባለቤቱ በኋላ ያጸዳዋል።" የትኛው ባለቤት? ባለቤትነቱን እዚያው ሁለት መስመር ከፍ ብዬ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ሰው እንዲህ ተመችቶት ይዋሻል? ያውም ለራሱ።

ለጋሽ ይመር ነገርኳቸው። አዳመጡኝና "ኔትወርክ ነው እንበላቸው" አሉ። ሰቆጣ ውስጥ ኔትወርክ ያልተሸከመው ኃጢአት የለም።

"እርስዎ እንዲህ ይላሉ ብዬ አልጠበቅኩም" አልኳቸው።

"ትርንጎ፣ ልጄ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ያለን ውል ይሰረዛል። በየቀኑ ራሱን አጥፍቶ እንዲያበራ አድርጊውና ይለፍ።"

ማለትም ቆላ ድረስ የመብራት መጥፋት እንላክላቸው። ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። የጎደለችውን መስመር ጨመርኩ። በየጠዋቱ "አለሁ" የሚል መልእክት እንዲልክም አደረግኩት። ከሰዓት የጎረቤታችን ቀብር ስለነበር ሄድኩ፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ገብቶ ወዲያው መውጣት የለም። ሀብታሙን፣ አብሮኝ የሚሠራውን፣ "እያየህ ቆይ" አልኩት።

ለቅሶ ቤት ሆኜ ሳስብ የነበረው ስለሟች አይደለም። ስለ ለተብርሃን ነው።

ሐሙስ

ዛሬ ዘጠኝ ቀን አልፈጀበትም። ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ደረቀ። አስነሣሁት፣ ደረቀ። መስመሯ አለች፣ ቦታው ይጸዳል፣ ግን ይደርቃል። ነገ ዓርብ ነው።

እስከ አምስት ሰዓት ፈለግኩ። ሀብታሙ ሻዩን ይዞ መጣና "እኔም እኮ ትናንት አስተካክዬልሻለሁ" አለኝ። ምኑን? መልእክት የሚልከው ክፍል ውስጥ ገብቶ እሱም አድራሻውን መልሶ ቦክስ አድርጎታል። ልጁ ክፋት የለበትም፤ እያየህ ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቦታ፣ ሁለት ባለቤት። የመጀመሪያው አጽድቶ ሄደ፤ ሁለተኛው የሄደውን ሊያጸዳ ሲገባ መሣሪያው ድርቅ። ቋንቋው አይከለክልም ወይ አለኝ ሀብታሙ። በቦክስ ቢሆን ይከለክል ነበር። ኖንነልን ግን እንደ ስልክ ቁጥር ለፈለግከው ታድላለህ፤ ማን ጋ እንዳለ ማንም አይቆጥርልህም። ባዶ አይደለም ማለት በሕይወት አለ ማለት አይደለም። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። ምን ጠቀመኝ።

የሱን መስመር አጠፋን። አሁን ደንባችን ይህ ነው፦ ከሰልፉ የሚያወጣው ብቻ ወደ ቦክስ ይመልሳል፤ ሌላው ሁሉ አይቶ ይመለስ። ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን።

ከዚያ ሙከራ። መብራቱን ስለማላምነው የባጃጅ ባትሪ ተዋስኩ። ባለ ባጃጁ ተራ ከመጠበቅ ይሻላል ብሎ ራሱም ቁጭ ብሎ አየ። በደቂቃ አንድ የነበረውን ልኬት በሰከንድ መቶ አደረግኩት። ዘጠኙ ቀን ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አለፈ። አልሞተም። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ። በመሃል መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ደግሞ ጠፋ። መሣሪያው አልሰማም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሦስት ዓመት በላይ ኖሮ ነበር፣ ሜሞሪው ጠዋት በነበረበት ላይ ነው።

"ደህና ነው እንግዲህ" አለ ባለ ባጃጁ፣ ባትሪውን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ ውስጥ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው።

ዓርብ

ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ቀጭን፣ ከኔ ጥቂት ብትበልጥ ነው። በጭነት መኪና ስትመጣ አድራለች፤ አቧራው ቅንድቧ ላይ አለ። ከፊቷ ሦስት ሰዎች ፋይል ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሽ ይመር ከኋላ።

"ስልክ ታስሞያለሽ ወይስ አታስሞይም?" አላት ሰብሳቢው።

"አስሞላለሁ። ሰው ልጁ አረብ አገር ሆኖ ስልኩ ሞቶበት ይክረም? መሣሪያውን ነቅዬ ከሆነ ግን ዓይኔን ግንባር ያድርገው።"

ተነሣሁ። መዝገቡን አትሜ ይዤ ነበር፤ አንድም ጊዜ እንዳልተነቀለ አሳየኋቸው። "ስለ ሜሞሪ የምትይው አይገባንም" አለ ሰብሳቢው። ምን ልበለው? ዝቋላ ወረዳ ለሰው የሰጠው የርቢ ፍየል እንዳለው ቅድም በር ላይ ሲያወራ ሰምቼው ነበርና በዚያ ገባሁ።

"ፍየሎቹን ከእርስዎ ተቀብሎ የሚያረባው ሰው የት እንደሚውሉ ያውቃል፣ ግን ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። የሚሸጥ የሚታረድ ካለ እርስዎ ነዎት የሚወስኑት። እኔ ባለቤቱን አጠፋሁና የት እንደሚውሉ የሚያውቀውን ብቻ አስቀረሁ። ማንም አይሸጥ፣ ማንም አያርድ፤ በየደቂቃው አንዲት ትወለዳለች። በዘጠነኛው ቀን ሣሩ አለቀ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም።"

ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠ። "እንዲህማ ከሆነ መንጋው ያልቃል" አለ። ሌሎቹ ሁለቱ ተያዩ። ውጡ ተባልን፣ ግቡ ተባልን። የክሱ ደብዳቤ ተነሥቶላታል አሉ። ይቅርታ ያላት የለም። ሰው ስም አጥፍቶ ወረቀት አንሥቻለሁ ብሎ ፋይሉን ይዘጋል፣ በቃ። ያስጠላል።

እኔስ? በረንዳው ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሰኞ ዕለት እኔም እንዳመንኩባት ጭምር ነገርኳት። አየችኝ፣ አየችኝ፣ ከዚያ "ዛሬ ባትመጪ ኖሮስ?" አለችኝ።

ጋሽ ይመር አላናገሩኝም። ውሉ ይቆይ አይቆይ አልታወቀም።

ቅዳሜ

አዲሱ ክትባት ዛሬ በመኪና ወረደ። ያለ መሣሪያው አይሄድም ስለተባለ ሁለቱንም ይዛ የምትሄደው ለተብርሃን ናት። መሣሪያውን ከኋላ ጫኚው አልኳት፤ ጭኗ ላይ አደረገችው።

የጠዋቱን "አለሁ" የሚለውን መልእክት አሳየኋት። ለሷም ለኔም እንደሚደርስ ነገርኳት።

"እኔ በመልእክት አላምንም" አለች። "በአሥረኛው ቀን ራሴ ሄጄ አየዋለሁ። ሞቶ ካገኘሁት ግን መኪና አትጠብቂ። ተነሥተሽ በእግርሽ ትመጫለሽ፣ እናቶቹ በሚመጡበት መንገድ። መጥተሽ ደግሞ ለምን እንደሚመለሱ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ። ባለፈው እኔ ነኝ የነገርኳቸው።"

እሺ አልኳት።

መኪናው ሄደ። ኮዱን ደግሜ አየሁት፣ ምንም አላገኘሁም፣ ደግሜ አየሁት። ነገ ትገጥመዋለች። አሥረኛው ቀን የፊታችን ሳይሆን የቀጣዩ ማክሰኞ ይውላል። ለማክሰኞ ምንም ሥራ አልያዝኩም።