ሌንሱ ላይ ስለታየችው እድፍ

ለባሕር ወለል ማዕድን ፈቃድ መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እያልሁ፣ ባለፈው ማክሰኞ በሕዝብ ስብሰባው ላይ ያጠመቀዎ ላብም በደኅና እንደደረቀልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የአዳራሽዎን አምፖልና ፕሮጀክተር ስጠግን ዘጠኝ ዓመት የቆየሁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ግን በራስዎ ፊርማ ተሰናብቼ ለመጻፍ ጊዜ ስላገኘሁ፣ ምስጋናዬን እያስቀደምሁ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩፦ የማዕድን ኩባንያው ድንች የሚያካክሉትን ብረት ያዘሉ ጥቁር ድንጋዮች ከባሕሩ ወለል በማሽን ለማፈስ ፈቃድ መጠየቁን ሲያስረዱ፣ «በዚያ ጥልቀት ነፍስ ያለው ነገር የለም» በማለት ዓሣ አጥማጆቻችንን አረጋግተዋል። መረብ ስትጠግን ያረጀችው ታላቅ እህቴ ማሽኑ የሚያስነሣው ጭቃ ወዴት እንደሚሄድ ብትጠይቅዎ፣ «እመቤቴ፣ ጭቃ ተመልሶ ይቀመጣል» አሏት። በማን ላይ እንደሚቀመጥ ለመጠየቅ እጇን እንዳወጣች ሃያ ደቂቃ ቆይታለች፤ ለክንዷ ስፖርት ስላሰቡላት ቤተሰባችን ያመሰግናል።

፪፦ የወለሉን ባዶነት በዓይናችን እንድናይ ኩባንያው ያስቀረጸው ፊልም እንዲታይ አዘዙ፤ ፕሮጀክተሩን የከፈትሁትም እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጭቃና ድንጋይ ብቻ ነበር። ቀጥሎ አንዱ ድንጋይ ላይ ፈዘዝ ያለ ነጭ ነገር ታየ፤ እርስዎም ፈጠን ብለው «ሌንሱ ላይ ያለ እድፍ ነው» አሉ። እድፏ አንድ ክንዷን ዘረጋች። ቆይታም ሌላውን። ይኼኔ «ካፒቴን» የምንላቸው ጡረተኛ ዓሣ አጥማጅ፣ ጆሯቸው ስለማይሰማ ድምፃቸውን ሳይመጥኑ፣ «ኦክቶፐስ ናት እኮ፤ እንቁላሏን ታቅፋ ነው» አሉ። እርስዎ «አላፊ እንግዳ ትሆናለች» ብለው ሊያልፉት ሲሞክሩ፣ እህቴ በዚህ ጊዜ እጇን ሳታወጣ፣ «እንቁላል ይዞ የመጣ እንግዳ አይቼ አላውቅም» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ጸሐፊዎም ፊታቸውን በፋይል ከልለው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነበር።

፫፦ «አጥፋው» ብለው አዘዙኝ፤ ሪሞቱ ግን አልሠራም። እንዲቀየር ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ብጠይቅ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኝ ነበርና የእርስዎ ውሳኔ ፍሬ አፍርቷል። በስንብት ደብዳቤዬ ላይ «ሆን ብሎ» የሚል ቃል ስላሰፈሩ ግን እውነቱን ልንገርዎ። ገመዱን መንቀል እችል ነበር፤ እጄም ሶኬቱ ላይ ደርሶ ነበር። ያቺ እናት በዚያ ጨለማና ብርድ ውስጥ ክንዶቿን በእንቁላሎቿ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ስትተነፍስ አየኋትና እጄን መለስሁ። ዘጠኝ ዓመት ስታዘዝዎ ይህ የመጀመሪያዬ እምቢታ ነው፤ እንቅልፌን በደንብ እተኛለሁ።

እኛ የባሕር ዳርቻው ሰዎች ፈቃዱን ለማስቆም ዘመቻ ብለን ሁለት ዓመት በራሪ ወረቀት ስናድል ያላገኘነውን እርስዎ በአሥራ አንድ ደቂቃ ፊልም አስገኝተውልናል። ሰዉ ከአዳራሹ ሳይወጣ ፈቃዱን የሚቃወም አራት መቶ ፊርማ ተሰበሰበ፤ የመሥሪያ ቤትዎ ቦርድም ገለልተኛ ጥናት እስኪቀርብለት ድረስ ፈቃዱን ማገዱን በማግስቱ አስታወቀ። ካፒቴን እስከ ዛሬ ከመድረክ እንደ እርስዎ ያለ ቀስቃሽ እንዳላዩ ይመሰክራሉ።

ለመልካም አስተዳደርዎ ያለኝን፣ በቃላት ሊገለጽ የማይችለውን ስሜት እየገለጽሁ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ ብዙ የሚማሩበት ዘመን እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
የቀድሞው የፕሮጀክተርዎ ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ ቀጣዩን ስብሰባ ጀልባዎቹ ሁሉ ለዓሣ በሚወጡበት ቀን መቅጠርዎን በአጋጣሚ ነው ብለን ተቀብለነዋል። በዚያ ቀን አንዲትም ጀልባ አትወጣም፤ እባክዎ ወንበር ያስጨምሩ።