መሃል ሰፋሪ ተባልሁ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፣ ደብረ ታቦር

ዛሬ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ስለ ኮሚኒዝም ማንበብ ከጀመርሁ ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው። የከተማችን ግራ ዘመሞች ሁሉም ቢሰበሰቡ ሦስት ባጃጅ አይሞሉም፤ እንዲያም ሆኖ ለሁለት ተከፍለዋል። የታሪክ መምህሩ አበበ "መጀመሪያ ገበሬው ይደራጅ" ይላል። ፋርማሲ የምትሠራው ሰናይት ደግሞ "ሠራተኛው ይቅደም" ትላለች። ከተለያዩ ወዲህ ሰላምታም የላቸው።

ገበያ ስለዋለ እትዬ ዘውዴ ምግብ ቤት የቀረው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነበር። እትዬ ለምሳ የመጡትን ሁለቱንም ወገኖች ከእኔ ጋር አንድ ላይ አስቀመጡና የጾም በያይነቱ በአንድ ትሪ አቀረቡልን። የተኳረፉት ሁለቱ ከአንድ ሽሮ ሲያጠቅሱ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

"እህ፣ ወሰንህ?" አለኝ አበበ።

"ገና አልገባኝም። ሁለታችሁም ዘንድ እየመጣሁ ልማር" አልሁ።

"መሃል ሰፋሪ!" አሉኝ፣ አበበም ሰናይትም እኩል። ከተጣሉ ወዲህ የተስማሙበት ነገር ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

"ምን አድርጓችሁ ነው ልጁን የምትሰድቡት?" ብለው እትዬ አፌ የማይችለውን ጉርሻ አጎረሱኝ።

ቅር ብሎኝ ስወጣ ከአበበ ወገን የሆነው ግርማ ተከተለኝ። ትንሽ እንደሄድን ከሰናይት ወገን ሃና እየሮጠች ደረሰችብን። ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እናንተ መሃል ሰፋሪዎቹ መቼ ነው የምትሰበሰቡት?" አለች።

አፌን ሳልከፍት ግርማ "ረቡዕ" አላት።

መሪያችን አንተ ነህ ብለውኝ ሄዱ። እኔ እኮ ከያዝሁት መጽሐፍ ገና መግቢያውን አላለፍሁም...