በቁሜ ተለቀሰልኝ

ልጄ አስቻለው፣ ባለህበት ድንግል ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፣ ቦራው በሬም ተሽሎታል።

ቅዳሜ በማለዳ ግን የአርብ ገበያ ዘመዶቻችን «ወየው!» እያሉ ግቢውን ሞሉት። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ እያለቀስሁ ወጥቼ «ማን ሞተብን?» አልሁ። አጎትህ በላይነህ ሲያየኝ ክው ብሎ ቀረ። ለካ የሚለቀሰው ለእኔ ነው!

ያ ስለ ድህነት ኢኮኖሚ የጻፍኸው፣ በሰው አገር ለምክር ቤት ያስመረጠህ መጽሐፍ «እናቴ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሞተች» ይላል አሉ። ከዚያ ውስጥ ገበያ የደረሰው «የአስቻለው እናት ሞተች» የሚለው ብቻ ነው። እህትህ ሜሮን ከስልኳ ስታነብልኝ ጆሮዬን አላመንሁም። በረሃብ! ያን ክፉ ዘመን የብር አልቦዬን ሸጬ ያበላሁህ እኔ አይደለሁም እንዴ?

አሁን የዚያው አገር ጋዜጠኛ ለሜሮን ደውሎ «እናቱ በሕይወት አሉ?» ብሏታል። ሰኞ ከእኔ ጋር ሊነጋገር ነው። እኔ አልዋሽም። እባክህ ልጄ፣ ቀድመኸኝ አንተው ተናገር፤ ወንበሩ ቢቀር ይቅር።

እግዜር ልቦናህን ይመልስልህ። ዘመኔን ሁሉ «ከዕድሜዬ ቀንሶ ለአንተ ይጨምርልህ» እያልሁ መርቄሃለሁ። ሁሉንም ውሰደው ግን አላልሁህም።