ተፈላጊ ችሎታ፦ ደረጃ ሦስት

ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ፣

ያለህበትን ሳያውቁ «ጤናህ እንዴት ነው?» ብሎ መጻፍ ግራ ያጋባል። ሳልጠይቅህ ደግሞ ሌላውን መጀመር አልሆነልኝም። እንዴት ነህ? ሙቀት ሲበረታ የሚነሳብህ ነስር ተወህ? እማዬ ያው እዚያው ጎብዬ ቤታችን ናት፤ ጉልበቷን ከማመም በቀር ደህና ናት። ዝናቡ ዘግይቷል። ሜዳው ላይ ማሽላው አንገቱን ደፍቷል።

እኔ ሥራ አግኝቻለሁ። የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

ከተመረቅሁ ጀምሮ ቆቦ የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ስቆም እንደምውል ሳትሄድ በፊት ታውቃለህ። ከሄድክም በኋላ ያው ነበር። አዲስ ወረቀት ሲለጠፍ የሁላችንም ዓይን የሚሮጠው «ተፈላጊ ችሎታ» ወደሚለው ነው። ብየዳ፣ ደረጃ ሁለት። ጥበቃ፣ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ። የፓምፕ ኦፕሬተር፣ ኤሌክትሮ መካኒክ ደረጃ ሦስት፣ የሲኦሲን የብቃት ፈተና ያለፈ። ኢኮኖሚክስ በዲግሪ የሚል ከስንት አንዴ ቢመጣ፣ ከጎኑ አራት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ልምዱ ከየት ይመጣል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሥራ ገበያን ፍላጎት በመስመር እስል ነበር። መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ማስመሪያዬን አጥብቄ እይዝ ነበር። ማን ላይ እንደሚወርድ አላሰብኩም።

አንድ ቀን ለእማዬ፣ «የእሱ ሙያ አሁን በጣም ተፈላጊ ሆኗል» አልኳት። ስለ አንተ ማለቴ ነው። የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማነው የሚፈልገው? ምን አደረገ ብለው?» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ ተነስታ በሩን ዘጋችው።

የሙያ ማረጋገጫ ወረቀትህን ከሳጥኑ ያወጣሁት በማግስቱ ነው።

አትቆጣኝ። መጀመሪያ የራሴን ይዤ ሄጄ ነበር። የእርሻው ባለቤት ቆቦ ቢሮ አለው፤ እዚያ ያለችው ልጅ ዲግሪዬን አይታ፣ «አንተማ ነገ ጥለኸን ትሄዳለህ» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ጢሜን ተላጭቼ፣ ወደ ዋጃ መንገድ ካለው የሽንኩርት እርሻ ራሱ ሄድኩ። አንተን ሆኜ። የፓምፑ ኃላፊ ጋሽ አያሌው ፎቶህን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶህን አየ። «ከስተሃል» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ለእማዬ ቆቦ ሥራ አገኘሁ ብቻ አልኳት፤ የማድረው እዚያው እርሻው ላይ ነው።

ክረምት ክረምት ጋራዥ ስረዳህ ያየሁትን ያህል እሠራለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ በላይ ሠራሁ። የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ያላስተማርከኝን ብሎን ጣቴ ቀድሞኝ ያገኘዋል። ፓምፑ ሲነሳ፣ ውሃው ከጥልቁ ሳይደርስ፣ ቧንቧው ለጥቂት ጊዜ ይተነፍሳል። አየር ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንዳንዴ እስትንፋሱ ስም የሚጠራ ይመስለኛል፣ እኔም «አቤት» እላለሁ። ባለፈው ቆቦ ገበያ ውስጥ አንድ የክፍል ጓደኛዬ በእውነተኛ ስሜ ደጋግሞ ጠራኝ አሉ። ዞር አላልኩም። ትከሻዬን ሲይዘኝ ማንን እንደፈለገ ልጠይቀው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ኡሙሃኒ የምትባል የዋጃ ልጅ መጣች። በጅቡቲ በኩል አብራህ የሄደችው። ከመንገድ ተመልሳለች። በስምህ የሚጠራ የጎብዬ ልጅ ፓምፕ ላይ አለ ሲባል ሰምታ ነው በባጃጅ የመጣችው። ቀትር ነበር። ጋሽ አያሌው ከጎኔ የብሎን መፍቻ ይዞ ቆሟል። ራቅ ብላ ቀጥ አለች። «ሱብሐነላህ» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ተጠግታ፣ የጋለ ብረት እንደሚፈትን ሰው ጉንጬን በሁለት ጣቷ ነካችኝ።

«ፊትህን በሽርጥህ የሸፈንኩት እኔ ነኝ» አለች። «አሸዋው እንዳይገባብህ ብዬ።»

ጋሽ አያሌው ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ሚስት አለችህ እንዴ? ደብቀኸን ነው?» አለ።

ወንድሜ፣ «እሱ አይደለሁም፤ እሱስ?» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ብል ሥራው ቀረ። ሥራው ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ብል ግን ኡሙሃኒ የጀመረችውን ትጨርሰው ነበር። እንድትጨርሰው አልፈለግሁም።

«ተነሳሁ» አልኳት።

መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «አልሐምዱሊላህ! ወደ ኋላ እየዞርኩ አየሁህ እኮ፤ አልተንቀሳቀስክም» ትላለች። ከተመለሰች ወዲህ ጎብዬ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም እማዬ አይታ ስለ አንተ እንዳትጠይቃት ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ትል እንደነበር ነገረችኝ። «ዛሬ ግን ወርጄ አበስራቸዋለሁ» ብላ ሄደች። ጠርቼ ልመልሳት ይገባኝ ነበር። በምን አፌ?

በማግስቱ ጠዋት እማዬ መጣች። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ አንተ የምትወደውን ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዛ። ከባጃጁ ስትወርድ ጉልበቷ የተሻላት ትመስል ነበር። ጋሽ አያሌው ሮጦ ተቀበላት፤ «እናታችን፣ ልጅዎ እኮ ወርቅ ነው! እንዲህ ያለ ባለሙያ ከየት ይገኛል?» አላት።

አየችኝ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። የወለደችው ሁለታችንንም ነው፤ አትሳሳትም። ጋሽ አያሌውን አየች፣ እጄ ላይ ያለውን ግሪስ አየች፣ መልሳ እኔን። ከዚያ በስምህ ጠራችኝ። ግራ ቀኝ ሳመችኝ። ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር።

«ታናሽህስ?» አለችኝ።

«ሥራ ፍለጋ ሄዷል።»

«በየት በኩል?»

«በጅቡቲ በኩል፣ እማዬ።»

«ውሃ ይዟል?»

«ይዟል» ያለው አፌ ነው።

ብዙ አልቆየችም። ዳቦ ቆሎውን እጄ ላይ አኖረች። ባጃጁ አጠገብ ስትደርስ ነጠላዋን አወለቀች፣ አራገፈችው፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለለቅሶ እንደሚለበሰው ለበሰችው። ቀና ብላ ሄደች።

«ሰው ሞቶባቸዋል እንዴ?» አለኝ ጋሽ አያሌው።

ፓምፑን ልይ ብዬ ተለየሁት።

ወንድሜ፣ ሌላ ወሬ የለኝም። ሥራውን አልለቀቅሁም። ባለህበት ጥላ አይራቅህ፤ አላፊ አግዳሚው በደግ ያንሳህ። አሸዋው ይቅለልህ።

ታናሽ ወንድምህ